ቁልፉ የቀደመው ሳጥን

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ከመጣ በኋላ መሆኑን ግን እምላለሁ፤ ምክንያቱም ስብሰባ ነበረ። ከዚያ በፊት እኛ የምንሰበሰበው ለለቅሶ፣ ለማኅበርና ለሰርግ ነበር። ለመሰብሰብ ብሎ መሰብሰብ የመጣው በደርግ ነው። ዓመቱን ባለቤቴ ይርገዱ «ቀይዋ ላም በወለደች ማግስት ነው» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ «ቀይዋ ላም ያኔ ጊደር ነበረች» እላት ነበር። አሁን ይርገዱም የለች፣ ላሟም የለች፤ የሚዳኘኝ ጠፍቷል። አንባቢ እንደፈቀደው ይቁጠረው።

ነገሩ ስለ ሳጥን ነው፤ የሚጀምረው ግን ከቁልፉ ነው። እንዲህ የጀመረ ነገር በደህና እንደማያልቅ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ልጃችን ስንዱ ከገነተ ማርያም በታች ላለ ለአንድ ደህና ገበሬ ልጅ ታጨች። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። በኛ አገር ሙሽራ ሳጥኗን ይዛ ነው የምትሄደው። ቀሚሷ፣ ነጠላዋ፣ ማበጠሪያዋ፣ እናቷ የፈተለችላት መቀነት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ሰው ይህን ለጌጥ ይመስለዋል፤ ለጌጥ አይደለም። አማቷ ቤት ስትገባ ማድጋው የአማቷ ነው፣ ማጀቱ የአማቷ ነው፣ ባሏም ቢሆን ለጊዜው ገና የእናቱ ነው። የኔ የምትለው ያችን ሳጥን ብቻ ነው። ሆድ የባሳት ቀን ከፍታ የእናቷን ቤት ሽታ ታሸታለች፤ መልሳ ትቆልፋለች። ሳጥን የሌላት ሙሽራ ግን ልብሷን በአማቷ ችንካር ላይ ሰቅላ እስክታረጅ እንግዳ ናት።

እኔም ቅዳሜ ገበያ ላሊበላ ወርጄ ሳለሁ አንድ ጓጉንቸር አየሁ። ቢጫ ነው፣ የጡጫ ያህላል፣ ሲዘጋ «ቀጭ» ይላል። ነጋዴው ሲዘጋው ሰማሁና ልቤ አብሮ ተዘጋ። ገዛሁት። ሳጥኑን አያ ሞላ አናጢው ይሠራዋል፤ ምን ቸገረኝ አልኩ። ስንዱ ያን ዕለት ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ምንጭ ስትወርድ ልጃገረዶቹ፣ «ስንዱ፣ ሳጥንሽ ምን ያህላል?» ይሏታል። «የመጣ ዕለት ታያላችሁ!» ትላቸዋለች። ኮርቻ ገዝቶ በቅሎ ፍለጋ የሚዞር ሰው ካያችሁ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ አያ ሞላን ለወረዳው አዳራሽ አግዳሚ እንዲሠራ ወሰዱት። ሰፊው ሕዝብ ይቀመጥበታል ተባለ። ሰፊው ሕዝብ እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ በደስታ ነበር የሚቀመጠው፤ ግን ማን ጠየቀው? አያ ሞላም መጋዙን፣ መላጊያውን፣ ሚስማሩን ጠቅልሎ ሄደ። ጣውላ ላስመጣ ብል፣ መኪና ከጋሸና ወዲህ ማለፍ የተወበት ሰሞን ነው።

ጎረቤቴ አያ ይመር አንድ ቀን አጥር ተደግፎ ሲሰማኝ ቆየና፣ «አንተ ሰው፣ ራስህ አትሠራውም? ሳጥን ምንድነው? ጣውላና ሚስማር ነው» አለኝ።

«ጣውላም ሚስማርም የለኝማ።»

«እንግዲያው የቀረህ ሥራው ብቻ ነው» ብሎኝ ሄደ። አያ ይመር ምክሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ልክ ነው፣ ግን አይጠቅምም።

ሐሳቡ የመጣልኝ በጊዮርጊስ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን እኔ ከዓለቱ አፋፍ ቆሜ ቁልቁል ቤተ ክርስቲያኑን አያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደ አናጢ አየሁት። ጣውላ የለውም። ሚስማር የለውም። ከአንድ ዓለት፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ መሠረቱ እየተፈለፈለ የወረደ ነው። ሌላው አገር ሰው ቤት የሚሠራው እየጨመረ ነው፤ የኛ አባቶች የሠሩት እየቀነሱ ነው። ታዲያ ሳጥን ትንሽ ቤት አይደለም? ከአንድ ግንድ ብፈለፍለው ማን ይከለክለኛል? የሌላ አገር ሰው ይህን አያስብም ነበር። እኛ ግን ዓይናችንን ስንገልጥ ያየነው እሱን ስለሆነ፣ ጥሩ ነገር ሁሉ ከአንድ ወጥ ነገር የሚወጣ ይመስለናል። እየሮጥኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከደጃችን አንድ ዋንዛ ነበረ። አባቴ የተከለው ነው። ቁመቱን ተዉት፤ ጥላው ነበር ጉዱ። ከብቱ ከሥሩ ያመሰኳል፣ መንገደኛ ያርፍበታል፣ የገበሬ ማኅበሩም ስብሰባውን ከሥሩ ያደርጋል። ምሳሬን ይዤ ግንዱን ስዞረው ይርገዱ አየችኝ። ይርገዱ ከተጋባን ጀምሮ «አንቱ» ነው የምትለኝ። ስትቆጣም በአንቱታ ነው፤ አክብራ ነው የምታዋርደኝ።

«አንቱ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለስንዱ ሳጥን።»

«አያ ሞላ እስኪመለስ አይጠብቁም?»

«አያ ሞላ የሰፊው ሕዝብ ሆኗል።»

ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየች። «እሺ፣ ሳጥኑን ይሥሩ። ጥላውንስ ከየት ያመጡታል?»

«ሌላ እተክላለሁ» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ መልሴ ነው። እንዴት ቀለል አድርጌ እንዳልኩት! ዛፍ መትከልን እንደ ቡቃያ ነገር አድርጌ። አባቴ ሲተክለው እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

ዋንዛው ሲወድቅ የማኅበሩ ሊቀመንበር በዘመቻ ያስቆፈረኝ፣ ማንም ገብቶበት የማያውቅ ሽንት ቤት ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ ሁሉ ብርሃን ሆነ። ደጃችን እንደተላጨ ራስ ነጣ። ከብቶቹ ቀትር ላይ መጡና፣ ጥላው የነበረበት ቦታ ቆመው አዩኝ። ላም እንዲህ አድርጋ ሰው እንደምታይ አላውቅም ነበር።

የስብሰባው ቀን ሰው ሁሉ መጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ተነሣ።

«ይህን ዛፍ ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የሕዝቡን ጥላ ቆርጠህ ለምን አዋልከው?»

«ለሙሽራ ሳጥን።»

«የሕዝብ ጥላ ለግል ሳጥን!» ብሎ ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ፀሐዩ መላጣውን ይዞት ነበርና ላቡን ጠርጎ፣ «ምትኩን ትተክላለህ፤ ስብሰባው ተፈጽሟል» አለ። ከረፋድ እስከ ማታ ይፈጅ የነበረ ስብሰባ ጤፍ እስኪፈጭ እንኳ አልፈጀም። ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አያ ይመር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በወረዳው አዳራሽ ደጃፍም አንድ ዛፍ አለ፤ ሌላ ሴት ልጅ የለህም?» አለኝ።

ምትኩን እተክላለሁ አልኩ። አልተከልኩም። ሳጥኑ ጊዜ አልሰጠኝም።

አሁን ወደ ፍልፈላው እንምጣ። እርጥብ ግንድ ነው፤ ይደርቅ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ቢነግረኝም ጥር አይጠብቅም። ከላይ በምሳር እየከፈትኩ፣ ከታች ከቀጥቃጩ በተዋስኩት መሮ እየቆፈርኩ ጀመርኩ። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኖቹን ሲፈለፍሉ ቀን ሰው ይሠራል፣ ሌሊት መላእክት ይጨምሩበታል ይባላል። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ሠርቼ ደክሞኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ግንዱ እንዳስቀመጥኩት ነው። መላእክቱ አልመጡም። የመጣችው ቀይዋ ላም ናት፤ የፈለፈልኳትን ጎድጓዳ ጤዛ ሞልቷት ስትልስ አገኘኋት።

«አንቱ፣» አለች ይርገዱ፣ «ላሟ ገንዳ መስሏታል።»

«ላም ስለ ሳጥን ምን ታውቃለች?»

«ስለ ገንዳ ግን ታውቃለች።»

አስቸጋሪው ነገር እንዲህ ነው። ጣውላ ቢበላሽ ሌላ ጣውላ ይተካል። ወጥ ነገር ግን አንዴ ካነሣህለት አይመለስም። ግድግዳውን ባሳሳሁት ቁጥር በጣቴ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፤ መሮው ወዲያ ማዶ ብቅ ቢልስ? አንድ ቀን ከሥሩ በኩል ብቅ አለና ደም የፈሰሰኝ ያህል ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆንኩ። ግድግዳውን ወፍራም አድርጌ ተውኩት፤ ወለሉን ደግሞ ከግድግዳው አወፈርኩት። ሲያልቅ፣ ከውጭ ለሚያየው በሬ የሚያስተኛ ሳጥን ነው፤ ከውስጥ ግን አንድ ቀሚስና አንድ ነጠላ ገብተው ሦስተኛው ይጣላል። ክዳኑን ከዚያው ግንድ ጠርቤ በበሬ ጠፍር አሰርኩት። ጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ ሠራሁለት። ደረቱ ላይ ሲንጠለጠል ያምር ነበር፤ ጓጉንቸሩ ብቻ።

ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው መሰንጠቅ ጀመረ። ስንጥቁን በምን ልድፈነው? አመድና እበት ለወሰ አድርጌ ደፈንኩት። ጎተራ በዚያ አይደል የሚለቀለቀው? ደፈነው፤ አልዋሽም። ግን የሙሽራዋ ነጠላ እበት እበት ሸተተ።

ስንዱ በየማታው ትመጣለች። ጎንበስ ብላ እጇን ታስገባለች፣ ውስጡን ትዳብሳለች። ቀሚሷን አጥፋ ትለካዋለች፤ አይገባም፤ እንደገና ታጥፈዋለች።

«ጥሩ ነው አባዬ።»

«ጠበበ እንዴ?»

«ልብሴ ነው የበዛው» አለችኝ። የልብሷን ማነስ የማላውቅ ይመስል። ወደ ቤት ስትገባ ቁልፉን ከደረቷ አንሥታ ወደ ቀሚሷ ውስጥ ስትከተው አየኋት። ያን ጊዜ ነው መሸነፌን ያወቅኩት።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሳጥኑ ይውጣ የሚባልበት ሰዓት ሆነ። እኔ እበቱ እንዳይታይ ጋቢዬን፣ ያውም ትናንት የታጠበውን ነጭ ጋቢዬን፣ ከላይ እስከ ታች አልብሼው ነበር። ዋናው ሚዜ ትከሻውን እያሳየ ገባ። ያዘ። ሳጥኑ አልሰማውም። ሁለተኛው ተጨመረ፣ ሦስተኛው ተጨመረ። ልጃገረዶቹ ይህን መቼ ያልፉታል?

«ሚዜው ከሲታ፣ ሚዜው ከሲታ፣
ሳጥን አየና ወገቡ ተፈታ!»

«ምን አለበት ውስጡ? ድንጋይ ነው?» አለ ሚዜው እያላበው።

«ቀሚስና ነጠላ ነው» አለች ይርገዱ፣ እኔን እያየች።

በአህያ ይጫን ተባለ። የአህያ ጭነት ግን ሚዛን ይፈልጋል፤ በአንድ ወገን ሳጥኑ፣ በሌላው ወገን ምን ይጫን? አያ ይመር፣ «ከዚያኛው ወገን አንተ ተንጠልጠልበት» አለኝ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ቃሬዛ ይምጣ» አለ። ሕመምተኛ ወደ ላሊበላ የምናወርድበት የሰፈሩ ቃሬዛ ነው። ሽማግሌዎቹ፣ «በሰርግ ቀን ቃሬዛ? ይሰውረን!» አሉ። ግን ቀኑ እየመሸ፣ መንገዱ እየራቀ ነው። ሳጥኑን ከነጋቢው ቃሬዛ ላይ አጋደሙት፤ እንዳይንከባለል በገመድ ጠፍረው ተሸክመው ወጡ።

የሙሽራ አባት ሙሽራ ተከትሎ አይወርድም። ነውር ነው። እኔ ግን ያ የክዳኑ ጠፍር መንገድ ላይ ቢበጠስ ማን ይጠግነዋል ብዬ፣ ዱላዬን ይዤ ከሩቅ ተከተልኩ። እንዲህ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ዘፈኑ ከመንደር ሳይወጣ ቆመ። ዘፋኞቹ ተሸካሚዎች ሆነዋላ! ትንፋሻቸው ለሳጥኑ አልበቃም፤ ለዘፈን ከየት ይምጣ? ተራ በተራ እየተቀባበሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዝም ብለው ይወርዳሉ። ከኋላቸው ስንዱ በበቅሎ ላይ ተሸፋፍና፣ እንደ ሙሽራ ወግ እያለቀሰች። ሙሽራው ከጎኗ ፊቱን አጥቁሮ። ከሁሉ በስተኋላ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ አንድ ሽበታም ሰው፤ እሱ እኔ ነኝ።

እንግዲህ በኛ አገር ቃሬዛ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሶ የተጋደመ ያየ ሰው፣ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሚጠይቀው ኋላ ነው። መጠየቅ ለማልቀስ ማቅማማት ይመስላል።

ከገነተ ማርያም ወዲህ አንድ ጎጥ አለ፤ መንገዱ በመሃሉ ነው የሚያልፈው። አንዲት አሮጊት ከደጃቸው ቆመው ወደኛ ሲያዩ፣ እጃቸው ወደ ራሳቸው ወጣ። «ወይኔ! ወይኔ የሰው ልጅ!» ድምፃቸው ሸለቆውን ሞላው። አውድማ ላይ የነበሩ ወንዶች በሬዎቹን እንደ ቆሙ ትተው፣ ባርኔጣ እያወለቁ መጡ። ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ ወጡ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ከብብታቸው እያወጡ ደረሱ። ጎጡ በሙሉ ከኋላችን ተከተለ።

«ምን አግኝቶት ነው?» አለ አንዱ ተሸካሚውን።

ተሸካሚው ትንፋሽ የለውም፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ድንገት ነው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ሙሽራዪቱን አያችኋት?» አለች አንዷ፣ «በሰርጓ ቀን! ምን ዓይነት ዕድል ነው!» ብላ ደረቷን መታች። ሙሽራው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቄሱ ሊያለቅስ መስሏቸው መስቀሉን አሳለሙት።

እኔ ከኋላ ሆኜ ይህን ሁሉ አየሁ። ሮጬ «ሳጥን ነው!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ያ ሁሉ ሰው ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ ዋናው ሐዘንተኛ እኔ መሰልኳቸው። ሁለት ሰዎች መጥተው በብብቴ ደገፉኝ። ያች አሮጊትም መጥተው አንገቴን አቀፉኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «አልቅስ፤ አትያዘው፤ በሽታ ይሆንብሃል።»

አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። የሙሽራ አባት አያለቅስም፤ ይስቃል፣ ይጋብዛል፣ ይመርቃል። ልጁ ከቤቱ ስትወጣ ደስ ብሎት መሸኘት አለበት። ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ያን ጊዜ ወጣ። ለቅሶ ቤት የሌለኝ ሰው ለቅሶ ቤት አገኘሁ። ስለ ስንዱ አለቀስኩ፤ ስለዚያ የእበት ሳጥን አለቀስኩ፤ ስለ አባቴም።

«ማን ነው?» አሉኝ አሮጊቷ ቀስ ብለው። «ወንድምህ ነው?»

«ዋንዛዬ ነው፣ እመት።»

«ማን አልክ?»

«ዛፌ። አባቴ የተከለው። ቆርጬ ሳጥን አደረግሁት። ለልጄ። አልሆነም።»

አዩኝ። ቃሬዛውን አዩ። ስንዱን አዩ። ሄደው ጋቢውን በጣታቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ፤ ጓጉንቸሩ ቦግ አለ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ።

«ዝም በሉ!» አሉ ሴቶቹን። «ሰርግ ነው! እልል በሉ እንጂ!»

ዋይታው ግማሽ ላይ ደርሶ ወደ እልልታ ዞረ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ብቻ ማልቀሷን አላቆመችም። «ሰርግ ነው እኮ ተባለ» ሲሏት፣ «ተዉኝ፤ አንዴ ከጀመርኩ የራሴንም ላድርስበት» አለች።

አሮጊቷ ወደ ስንዱ በቅሎ ተጠግተው ቀና አሉ። «ሆድየ፣ ቁልፉ የታለ?»

ስንዱ ከቀሚሷ ውስጥ አውጥታ አሳየቻቸው።

«እግዚአብሔር ያሳይሽ፤ ይህን ይዘሽ አማትሽ ቤት ብትገቢ፣ እስክታረጂ ስምሽ ባለገንዳዋ ነው። ቆዪኝ።»

ቤት ገቡ። ሁለት ሚዜዎች ጠርተው አንድ ሳጥን አስወጡ። የጥድ ጣውላ ነው፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ፣ በአንድ ሰው ትከሻ የሚሄድ። እሳቸው ሙሽራ ሆነው ወደዚያ ቤት ሲመጡ የያዙት ነው። ከፈቱት። ውስጡ አንዲት የታጠፈች ነጭ ሸማ ብቻ ነበረች።

«ለመግነዜ ያስቀመጥኳት ናት» አሉ እንደ ቀልድ። ሸማዋን አንሥተው፣ የኔን ሳጥን በስንዱ ቁልፍ ከፍተው፣ የሙሽራዋን ልብስ አውጥተው አስቀመጧት። ልክ ሆነች። ያ ሳጥን ከተሠራ ጀምሮ ለአንድ ነገር ልክ ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እመት፣ ይህ እንዴት ይሆናል? የሙሽርነትዎን ሳጥን!»

«ሙሽራ መንገደኛ ናት። መንገደኛ የሚቀል ነገር ይይዛል። እኔ ወዴትም አልሄድም፤ ቢከብድ ምን ቸገረኝ?»

ጓጉንቸሩን ነቅለን በጥዱ ሳጥን ላይ አደረግነው። ስንዱ ከበቅሎ ወርዳ፣ ልብሷን አስገብታ፣ ራሷ ቆለፈችው። ቀጭ አለ። ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሚዜው ሳጥኑን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ሲጥለው፣ የጠፋው ዘፈን ተመለሰ።

«እመለሳለሁ፣ እመት» አልኳቸው። «የዋንዛ ችግኝ ይዤ መጥቼ ደጅዎ እተክልልዎታለሁ።»

«ና፣ ትከል። ብቻ ካደገ በኋላ ሳጥን እንዳታደርገው» አሉኝ።

ከቃሬዛው ጋር ወደ ቤቴ ወጣሁ። ይርገዱ ከአፋፉ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «አንቱ፣ ጋቢዎስ?» አለችኝ። ጋቢዬን እዚያው ረስቼዋለሁ። ስማቸውንም ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት። እመት ብዬ ጀምሬ እመት ብዬ ጨረስኩ።

ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ሰው ውለታን እንደ ድርቆሽ ይከምረዋል፤ የሚያልፍበት አይመስለውም። ክረምት ሆነ፤ ሥራ በዛ። ሌላ ክረምት መጣ፤ ችግኙ አልጸደቀም። ከዚያ ዝናቡ ራሱ መምጣት የተወበት ጊዜ መጣ፤ ያን ጊዜ ማን ስለ ዛፍ ያወራል? ያን ዘመን ያለፈ ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም።

ዝናቡ ሲመለስ አንድ ችግኝ በቅሎ አገኘሁ፤ ያውም ከዚያው ከቆረጥኩት ዋንዛ ሥር። ከነአፈሩ በጨርቅ ጠቅልዬ ወረድኩ። ቤቱ በሩ ክፍት ነው፤ ሰው የለም። የጣሪያው ሳር ወደ ውስጥ ወርዷል። ሳጥኔ ከደጁ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ክዳኑን አነሣሁ። ባዶ ነው። ሸማዋ የለችም።

ልሂድ ብዬ፣ እንዲያው እጄ አላርፍ ብሎ ከጫፉ ያዝኩት። ብድግ አለ። ብቻዬን፣ እኔ ሽማግሌው፣ ብድግ አደረግኩት። ደርቆ፣ ቀልሎ፣ እበቱ ረግፎ፣ መሰንጠቁን ትቶ፣ ሳጥን ሆኖ ነበር። የሚያስፈልገው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ አዛውንት ፀሐይ ሲሞቁ አገኘሁ።

«አባቴ፣ የዚህ ቤት ሰዎች ወዴት ሄዱ?»

«አሮጊቷ በሰፈራ መኪና ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው የለም።»

ወዴትም አልሄድም ያሉኝ ሴት! መንገደኛ የሚቀል ነገር ይይዛል ያሉኝ ሴት፣ መግነዛቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ችግኙን ከደጃቸው ተከልኩት። ሳጥኑን ግን ከቦታው አላነሣሁትም፤ ቢመለሱ ሸማቸውን የት ያስቀምጣሉ? የጥዱ ሳጥን ዛሬም ከስንዱ ቤት አለ፤ ጓጉንቸሩ ዝጓል፣ ቁልፉ ከአንገቷ አልወረደም። የልጅ ልጆቿ ከማን እንዳገኘችው ሲጠይቋት «አባዬን ጠይቁ» ትላቸዋለች፤ ያን ቀን ባልጠይቅ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም።

አፈሩን በእግሬ ረግጬ ስጨርስ ወደ አዛውንቱ ዞርኩ።

«አባቴ፣ ይህ ቤት የማን ቤት ነበር?»

«የእመት የውብዳር» አሉኝ።